አፕዴት ያቆመ ስልክና የቡናው ገንዘብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ስልኩ አልተሰበረም፣ ይደውላል፣ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ ሠሪው ኩባንያ ግን አፕዴት መላክ አቁሟል። ጅማ መርካቶ ባለው የጥገና ጠረጴዛዬ ላይም በየቀኑ የምገናኘው ይኸው ነው። ደንበኛው የሚያሳየኝ የተሰነጠቀ ስክሪን ወይም የላላ የቻርጀር መሰኪያ ነው፤ እኔ ግን ስልኩን ሳልፈታ በፊት ሴቲንግ ገብቼ የሴኩሪቲ ፓቹን፣ ማለትም የደህንነት ጥገናውን፣ ቀን አያለሁ። ወራቱንና ዓመታቱን ስልካችሁ ላይ በሚታዩበት በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከማና ወረዳ ቡና እየሰበሰብኩ ጅማ ላሉ አቅራቢዎች አስረክባለሁ። ስልኬ ሳምሰንግ ጄ7 ፕራይም ነው። ብዙ ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ልጄ ግን "አባዬ፣ ይሄ ስልክ ጊዜው አልፎበታል፣ የባንክ አፕህን አጥፋው" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አሳየኝ፤ አንድሮይድ 8.1 ይላል፣ ሴኩሪቲ ፓች ደግሞ 2019 ይላል። በለቀማ ወቅት በቴሌብርና በንግድ ባንክ አፕ ብዙ ብር አንቀሳቅሳለሁ። እውነት ያሰጋል ወይስ ልጁ አዲስ ስልክ አምሮት ነው?
ቡና ሰብሳቢ፣ ከማና

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። እኔ ግን ስልኩን ይጣሉት አልልም፤ ገንዘቡን ከስልኩ ላይ ያንሱ ነው የምለው። ምክንያቱን ካወቁ የቱን እንደሚያስቀሩና የቱን እንደሚተዉ ራስዎ ይፈርዳሉ።

ሴኩሪቲ ፓች የሚለው ቀን ስልክዎ የያዘው የደህንነት ጥገና እስከ መቼ እንደሆነ ይናገራል። በጁላይ 2015 ስቴጅፍራይት የተባለ ቀዳዳ፣ ማለትም ሌባ ሊገባበት የሚችል የሶፍትዌር ስህተት፣ በአንድሮይድ ላይ መገኘቱ ተሰማ። በኤምኤምኤስ የተላከ ቪዲዮ ብቻውን፣ ባለቤቱ ሳይከፍተው እንኳ፣ ስልኩን ለላኪው አሳልፎ ሊሰጥ ይችል ነበር። ጎግል ከዚያው ዓመት ኦገስት ጀምሮ የተገኙትንና የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በየወሩ በይፋ ማውጣት ያዘ። አፕዴት ለሚደርሰው ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አፕዴት ለተቋረጠበት ሰው ግን ያው ዝርዝር ሌባም እጅ ይገባል፤ የትኛው ስልክ በየት በኩል እንደሚከፈት ተጽፎ ተሰጠው ማለት ነው። ጋሼ፣ ቁልፉ ተባዝቶ ገበያ ላይ በተበተነ መጋዘን ውስጥ ቡናዎን አያሳድሩም።

ስልክዎን በቀጥታ የሚመለከተውን አንድ ላሳይዎት። በፌብሩዋሪ 2020 ብሉፍራግ የተባለ የብሉቱዝ ቀዳዳ ተደፈነ። ከሁሉ በላይ የተጎዱት አንድሮይድ 8 እና 9 ነበሩ። ብሉቱዙ ክፍት ከሆነና ሌባው በቅርብ ርቀት ካለ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ሌባው በስልኩ ላይ የራሱን ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል። የእርስዎ 8.1 ነው፤ ፓቹም 2019 ላይ ቆሟል። ስለዚህ ይህ ቀዳዳ እርስዎ ጋ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ከሰው ጋር እየተጋፉ ሲሄዱ ብሉቱዝዎ በርቶ ከሆነ ያጥፉት። ማጥፋት ምንም አያስወጣም፣ ይህችንም ቀዳዳ ይዘጋታል።

ሁሉም ግን በማጥፋት የሚዘጋ አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 ዌብፒ የተባሉትን ፎቶዎች በሚያነበው የሶፍትዌር ክፍል ላይ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ፤ ተንኮል የተደበቀበትን ፎቶ ማየት ብቻ ለጥቃት ይበቃ ነበር። ክሮምና ሌሎች አፖች በየበኩላቸው የያዙትን ቅጂ ወዲያው አደሱ። በስልኩ ሲስተም ውስጥ ያለው ቅጂ ግን የሚታደሰው ሠሪው በሚልከው አፕዴት ነው፤ ያ ደግሞ ለእርስዎ አይመጣም። ክሮምም ቢሆን ለአንድሮይድ 8 እና 9 የመጨረሻው 138ኛው ስሪት ነው፤ እሱም የወጣው በ2025 ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ እርስዎን አያውቅዎትም።

ኩባንያው የሚያቆመው ስልኩ ስለተበላሸ አይደለም። የስልኩ ቺፕ የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ ቺፕ ሠሪው ያንን መጠገን ሲያቆም ስልክ ሠሪው ብቻውን መቀጠል ይከብደዋል። እያንዳንዱን ሞዴል መፈተሽም ወጪ ነው። ጄ7 ፕራይም በ2016 አንድሮይድ 6 ይዞ ወጥቶ እስከ 8.1 ደርሷል፤ በዚያን ዘመን ልማድ ድርሻውን አግኝቷል።

አሁን ደግሞ ያላግባብ እንዳላስፈራራዎት የማየውን ልንገርዎት። ገንዘባቸው ተወስዶባቸው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ በብሉቱዝ የተጠቁ አይደሉም። "ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን" ተብለው ነው። ወይም በቴሌግራም የተላከ የኤፒኬ ፋይል፣ ማለትም አፕ የሚጭን ፋይል፣ ከፍተው ነው። እንዲህ ያለውን ማታለል አዲስ ስልክም አያስቀረውም። ልዩነቱ የሚመጣው ኤፒኬው ከተጫነ በኋላ ነው። አፕዴት በሚደርሰው ስልክ ላይ መጥፎው አፕ ኤስኤምኤስዎን ለማንበብ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ሲጠይቅ ቆም ብለው "ይህ ለምን አስፈለገው?" ለማለት ጊዜ ያገኛሉ። በአሮጌው ስልክ ላይ ግን ከታወቁት ቀዳዳዎች በአንዱ ሾልኮ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሲስተሙን ሊቆጣጠር ይችላል። ከዚያ ወዲያ ፒንዎን ሲጽፉ ያያል፣ ከባንክ የመጣውን ኮድ ከእርስዎ ቀድሞ ያነባል። ልጅዎን ያስጨነቀው ይህ ነው፤ መጨነቁም ተገቢ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ባንክና ቴሌብር የተመዘገበበትን ሲም አውጥተው ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ያስገቡ። ቴሌብርን በ*127#፣ ንግድ ባንክን በ*889# ይሥሩበት፤ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔትና ያለ አፕ ይሠራሉ። ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ እዚያችው ቀፎ ላይ ይመጣል፤ አይደምስሱት፣ ከገበሬው ጋር ሲተሳሰቡ ያስፈልግዎታል። ጄ7 ፕራይሙ ላይ ሌላ ሲም ለዳታ ያድርጉ። የቡና ዋጋ የሚነጋገሩበት የቴሌግራም ግሩፕ እንዳለ ይቆያል፤ ሲም ስለተቀየረ ብቻ አካውንቱ አይዘጋም። እግረ መንገድዎን ቴሌግራም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ከፍተው የይለፍ ቃል ያስገቡ። የባንክ አፑን ከስልኩ ላይ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቅርንጫፍዎ ሄደው "ይህ ቀፎ ከአካውንቴ ይነሳልኝ" ይበሉ።

ይህ መንገድ የሚያስከፍልዎት ነገር አለ። የኪውአር ክፍያ ይቀርብዎታል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ቁጥሩ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና ሊያስጀምርዎት ይችላል። ፒኑም ሲጻፍ ስክሪኑ ላይ በግልጽ ሊታይ ስለሚችል ሚዛኑ አጠገብ፣ ሰው ተሰብስቦ ባለበት፣ አይጻፉት። ቀፎዋ ብትጠፋ ደግሞ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ገብቶ ኮድ እንዳይቀበል በሲሙ ላይ ፒን ያድርጉ፤ ሲሙ የመጣበትን ላስቲክ ቤት ያስቀምጡ፣ ፒኑን 3 ጊዜ ቢሳሳቱ የሚከፍተው የፐክ ቁጥር እዚያ ላይ ነው ያለው። ባለ ቁልፉ የማይፈቅደው ትልቅ ዝውውር ካለብዎት ቅርንጫፍ ይሂዱ፤ ወይም አፕዴት የሚደርሰው ስልክ ገዝተው ከቤት ሳያወጡ ለባንክ ብቻ ያውሉት። ከሁለቱ አንዱን ቢያደርጉ እኔ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አጋሮ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ያገለገለ ርካሽ ስልክ ገዝቼ ካርድ ስሞላበት ሳልደውል ያልቃል። ማስታወቂያም በራሱ ይከፈታል። አንድ ጠጋኝ ሪሴት አድርጎልኝ ነበር፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። አንድሮይድ 7 ነው የሚለው። ምን ይሻለኛል?
ባለ ሱቅ፣ ከአጋሮ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ሲሙን ለጥቂት ቀናት ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ አድርጊው። እዚያም ሆኖ ብሩ ከቀነሰ ችግሩ ስልክሽ ላይ አይደለም፤ ሳታውቂ የተመዘገብሽበት የአጭር ቁጥር አገልግሎት አለ ማለት ነው። ገንዘብ ወሰድኩ የሚለው መልእክት ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ እይና ወደዚያው "ስቶፕ" ብለሽ ላኪ፤ ካልቆመ ኢትዮ ቴሌኮም ማእከል ሄደሽ እንዲያነሱልሽ ጠይቂ። ባለ ቁልፉ ላይ ብሩ ዝም ካለ ግን በይው ስልኩ ነው። ዳታው ስለበራ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሪሴት ተደርጎ ከተመለሰና ማስታወቂያው በራሱ ከተከፈተ ግን ከዚያ የከፋ ነገር ነው የምጠረጥረው።

ይህ በእኛ አገር ያልታየ አይደለም። በ2020 ኦገስት ላይ ሴኪዩር-ዲ የተባለ የሞባይል ደህንነት ድርጅት፣ ቴክኖ ደብልዩ2 በተባሉ ስልኮች ላይ ትራያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ከሽያጭ በፊት ጀምሮ ተጭነው እንደነበር አስታወቀ። ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ላይ ያስመዘግቡት ነበር፤ የሚበሉትም የሞላውን ካርድ ነው። አምራቹ ትራንሽን በበኩሉ ነገሩ የገባው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ በነበረ ሌላ አካል በኩል መሆኑን ገልጾ ማስተካከያ ማውጣቱን ተናገረ። የአንቺ ስልክ ይኸው ነው አልልም፤ ሞዴሉን አልጻፍሽልኝም። ግን ኤክስሄልፐር በምን እንደሚታወቅ ልንገርሽ፦ ሪሴት አያጠፋውም። በተለይ አንድሮይድ 6 እና 7 ላይ ቀዳዳ አግኝቶ ራሱን ሲስተሙ በተቀመጠበት ክፍል ይጽፋል፤ ሪሴት ደግሞ የሚያጸዳው የአንቺን ፎቶና አፕ እንጂ ያንን ክፍል አይነካም።

የርካሽ ስልክ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያሳዝነኝ። ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው በርካታ ስልኮች ላይ ተራ አፕ ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ የሚያስችል ቀዳዳ ነበር። ቺፕ ሠሪው በ2019 መድኃኒቱን ለስልክ ሠሪዎች ሰጠ፤ ጎግልም በማርች 2020 ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ዘንድ ግን አልደረሰም፤ በመሐሉ ተንኮለኛ አፖች ተጠቀሙበት። ገዢው ገንዘቡን ቆጥቦ የገዛው ስልክ መልሶ ገንዘቡን የሚበላው በእንዲህ ዓይነት መንገድ ነው።

የሚሻልሽን ልንገርሽ። ጠጋኙ ከሠሪው የተገኘ ንጹሕ ሶፍትዌር ካለው ስልኩን ፍላሽ ያድርግልሽ፤ ሪሴት ሳይሆን ፍላሽ፣ ማለትም ሲስተሙን ራሱን እንደ አዲስ መጫን። ከየት እንዳወረደው ጠይቂው፤ ካልነገረሽ አትስጪው። ፍላሽ ከተደረገ በኋላም ያ ስልክ ለቴሌብር አይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ ጅዳ ነው የምትሠራው። በኢሞ እናወራለን። ስልኩ የቆየ ነው፣ አንድሮይድ 6 ነው ይሉኛል። የልጅ ልጄ ትምህርቷን ልታይበት ኢንተርኔት ስትከፍት በብዙ ቦታ "ግንኙነትዎ የግል አይደለም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። የጎረቤት ልጅ "ቀጥል የሚለውን ንኪው" አላት። ሰዓቱና ቀኑ ልክ ነው፣ አይተናል። ስልኬ ታሟል?
እናት፣ ከመንደራ

መልስ፦ እማማ፣ አልታመመም፤ የሚያምናቸው ሰዎች ዝርዝር ነው ያረጀበት። እያንዳንዱ ስልክ ድረ ገጾች እውነተኛ መሆናቸውን የሚመሰክሩ ድርጅቶችን ስም በውስጡ ይዞ ይወጣል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በዓለም ላይ ለብዙ ድረ ገጾች በነጻ ምስክርነት ይሰጣል፤ ከአንድሮይድ 7.1 በታች ያሉ ስልኮች ግን የእሱን አዲስ ማኅተም አያውቁትም። የሚያውቁት አሮጌው ማኅተም በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው አለፈ፤ ለእነዚህ ስልኮች ሲባል የተደረገው ማራዘሚያም በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አበቃ። ቀኑን ማየትዎ በጣም ደግ ነው፤ ቀኑ ሲዛባም ይኸው ጽሑፍ ይመጣልና።

"ቀጥል" የሚለውን እንዳትነካ ይንገሯት። ዛሬ ማስጠንቀቂያው የመጣው በስልኩ እርጅና ይሁን እንጂ፣ በመሐል የገባ ሌባ ሲኖር የሚመጣውም ይኸው ጽሑፍ ነው፤ ስልኩ ሁለቱን ለይቶ አይነግራትም። ልጅቷ "ቀጥል" ማለት ከለመደች ሌባው በመጣ ቀንም ትላለች። ለትምህርቷ የሌላ ሰው አዲስ ስልክ ትዋስ።

ለኢሞ ግን ይጠቀሙበት፤ ከልጅዎ ጋር በፊት ለፊት መተያየቱ ከሁሉ ይበልጣል፣ ማንም ያንን እንዲያስቀርብዎ አልፈልግም። ከማያውቁት ሰው የመጣ ፎቶና ሊንክ እንዳይከፍቱ ብቻ አደራ። ከጅዳ የምትልክልዎትን ገንዘብ በዚያ ስልክ ላይ አይከታተሉ፤ የባንክ ደብተርዎና በባለ ቁልፍ ቀፎ የሚመጣ ኤስኤምኤስ ይበቃዎታል። አንድ ነገር ደግሞ ስልኩን በእጅዎ ይዘው ይዩልኝ፦ ጀርባው ካበጠ፣ ወይም ስክሪኑ በአንድ ጠርዝ በኩል ተነሥቶ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ባትሪው አብጧል። ያኔ ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙ፣ አይጫኑት፣ አይውጉት፤ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። አሮጌ ስልክ ላይ ከሌባ በፊት የሚመጣ አደጋ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ወንድሜ የተወውን አይፎን 7 ሰጠኝ። ዶርም ጓደኛዬ "እሱ ሞቷል፣ ሽጠህ ያገለገለ ጋላክሲ ኤስ9 ግዛ፣ ፍላግሺፕ ነው" ይለኛል። የማንን ልስማ?
የዋናው ግቢ ተማሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይፎኑን ያዝ። ጓደኛህ የቀላቀለው ሁለት ነገር አለ፦ አዲስ ስሪት ማግኘትና የደህንነት ጥገና ማግኘት። አይፎን 7 በ2022 አይኦኤስ 16 ሲወጣ ከሰልፉ ወጥቷል። ያም ሆኖ አፕል ለአይኦኤስ 15 ጥገና መላኩን ቀጥሎ በ2025 እንኳ 15.8.5ን አውጥቷል። ኤስ9 ግን በ2018 የወጣ ስልክ ነው፤ ሳምሰንግ በ2022 ከጥገና ዝርዝሩ አስወጥቶታል። ካሜራው ያምራል፣ እውነት ነው፤ ለደህንነቱ ግን በመሸጥና በመግዛት መሐል ትከስራለህ እንጂ አታተርፍም።

ይህ ማለት አይፎንህ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። አፕል በአሮጌ ስሪት ላይ የሚደፍነው ከባድ የሆኑትን እንጂ ሁሉንም አይደለም። በዚያ ላይ በ2019 ቼክም8 የተባለ ቀዳዳ ይፋ ሆኗል፤ ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን 10 ድረስ ያሉትን ይነካል፣ በቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነም በአፕዴት አይደፈንም። ለመጠቀም ግን ስልኩን እጅ ማድረግና ኬብል መሰካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ላይብረሪ ጠረጴዛ ላይ ጥለኸው አትሂድ፣ ባለ 4 አሃዝ ኮድህንም ፊደል ወዳለበት ረጅም ኮድ ቀይረው፤ ኮዱን መገመት ባስቸገረ ቁጥር ፋይልህ ይጠበቃል። ጄኔራል ውስጥ ሶፍትዌር አፕዴት ገብተህ 15.8 ከሚለው መጨረሻው ላይ መድረስህን እይ፤ ብዙዎች አፕዴቱ እያለላቸው ለዳታ ሲሉ ሳያወርዱት ይቀራሉ፣ አንተ በግቢው ዋይፋይ ማውረድ ትችላለህ።

ብር አጠራቅመህ መግዛትህ ካልቀረ፣ ከካሜራው በፊት እስከ መቼ ጥገና እንደሚደርሰው ጠይቅ። ጎግል ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። በ2024 የወጣው ርካሹ ጋላክሲ ኤ16 እንኳ 6 ዓመት አለው። እኔ ለተማሪ ከዕድሜ ጠገብ ፍላግሺፕ ይልቅ እንዲህ ያለውን ነው የምመክረው። ዓመቱ የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ቀን ነው እንጂ አንተ ከገዛህበት አይደለም፤ ባለ ሱቁ "አዲስ ነው፣ እሽጉ አልተከፈተም" ቢልህም ሞዴሉ በ2021 የወጣ ከሆነ ዕድሜው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሄዷል።

ጥያቄ፦ አንድ ሱቅ አሮጌ ስልኬን ወደ አንድሮይድ 13 አሳድግልሃለሁ አለኝ። ይቻላል?
ሹፌር፣ ከአጂፕ

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን የሚቻለው ለጥቂት ሞዴሎች ነው። ላይኔጅ ኦኤስ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ሲስተም ለተወሰኑ ስልኮች እውነተኛ ወርኃዊ ጥገና ያመጣል፤ የሚደግፋቸው ስልኮች ዝርዝርም በድረ ገጹ ላይ ይፋ ነው። ሞዴልህ እዚያ ከሌለ ሱቁ ምን ሊጭንልህ እንደሆነ ይንገርህ። ዝርዝሩ ውስጥ ብትሆንም ሦስት ነገር ዕወቅ። የቺፑ ሶፍትዌር የቆየው ራሱ ነው፣ እሱን በጎ ፈቃደኛ አይጠግነውም። ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስጀምረው ቡትሎደር ስለሚከፈት ስልኩን እጁ ያስገባ ሰው ሲስተሙን መቀየር ይቀለዋል። አንዳንድ የባንክ አፖችም ይህን ዓይነት ስልክ ለይተው አንሠራም ይላሉ።

ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ "13" የሚያስብል ሥራም አለ፣ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ አይቻለሁ። ስሪቱ 13 ይላል፤ ከሥሩ ያለው የሴኩሪቲ ፓች ግን 2018 ነው። አንድሮይድ 13 የወጣው በ2022 ስለሆነ ይህ ሊሆን አይችልም። ክፍያ ሳትፈጽም ስሪቱ የወጣበትን ዓመትና የፓቹን ቀን አስተያይ፤ ከዚያም ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስልኩ ሰርቲፋይድ (በጎግል የተረጋገጠ) መሆን አለመሆኑን እይ።

ጥያቄ፦ አንቲቫይረስ ብጭንበትስ?
ከቆጪ

መልስ፦ አንቲቫይረስም እንደ ሌላው አፕ በራሱ ክፍል የተወሰነ ነው፤ ሲስተሙ ላይ ያለውን ቀዳዳ መድፈን አይችልም። ከፕሌይ ስቶር ውጪ ምንም አለመጫን ከእሱ ይበልጥ ይጠብቅሃል። በሼርኢትና በዜንደር ከጓደኛ የተቀበልከው አፕም "ከውጪ" ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ስልኬን ለታናሽ እህቴ ልሰጣት ነው። ምን ላድርግ?
ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ በመጀመሪያ ከቴሌብርና ከባንክ አፖች ውጣ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ የጎግል አካውንትህን አስወግድ፤ ይህን ሳታደርግ ሪሴት ካልከው የድሮ አካውንትህን እየጠየቀ እህትህን ያቆማታል። ሜሞሪ ካርዱን አውጣ፣ ሪሴት አይነካውም። ከዚያ ሪሴት አድርገህ ስጣት። እሷም የራሷን አዲስ አካውንት ትክፈትበት እንጂ ዋናውን አታስገባበት፤ ለፎቶ፣ ለሙዚቃ፣ ለሬዲዮና ለመዝገበ ቃላት ይሆናታል። እንደ ማናው ጋሼ ስልክ አንድሮይድ 8 ወይም 9 ከሆነና ፓቹ ከፌብሩዋሪ 2020 በፊት ከሆነ ብሉቱዙን ከመስጠትህ በፊት አጥፍተህ አሳያት።